«ከዚያስ?» — የምድረ ባሕር መጻሕፍትና የተከታይ ድርሰት ጥያቄ

ተረት ነጋሪ ተረቱን ሲጨርስ «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ብሎ ይዘጋል። ይህች አጭር መዝጊያ ለዘመናት ስትደጋገም ስለ ኖረች ልብ የሚላት ሰው ጥቂት ነው፤ ነገር ግን በውስጧ አንድ የጠና የኪነ ጥበብ ሕግ ይዛለች። የተተረከው ነገር ከተራኪው አፍ ከወጣ በኋላ የእርሱ ብቻ አለመሆኑን፣ የሰሚውም ገንዘብ መሆኑን፣ ደግሞም ነገሩ ማለቁን በአንድ ጊዜ ታስታውቃለች። ሆኖም መዝጊያው ከተነገረ በኋላ እንኳ በምድጃው ዙሪያ ከተቀመጡት ልጆች መካከል አንዱ «ከዚያስ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ልጁ ይህን የሚጠይቀው ተረቱ ስለ ጎደለበት ሊሆን ይችላል፤ ወይም ተረቱ ምንም ሳይጎድለው፣ ከተረቱ ዓለም መውጣት ስላልፈለገ ብቻ ሊሆን ይችላል። በነዚህ ሁለት ምክንያቶች መካከል ያለውን ልዩነት ለይቶ ማወቅ የተረት ነጋሪው ብቻ ሳይሆን የሐያሲም ተግባር ነው።

በዘመናችን ይኸው የልጅ ጥያቄ ከምድጃ ዳር ተነሥቶ ወደ መጻሕፍት ገበያ ገብቷል። በተለይ ምትሃታዊ ልብ ወለድ በሚባለው የድርሰት ዘርፍ አንድ መጽሐፍ ከተወደደ ሁለተኛው፣ ሁለተኛው ከተሸጠ ሦስተኛው ይጠበቃል። ምክንያቱም ግልጽ ነው። በዚህ ዘርፍ ደራሲው የሚፈጥረው ገጸ ባሕርያትን ብቻ ሳይሆን እነርሱ የሚኖሩበትን ምድርና ባሕር፣ ቋንቋና ሥርዓት፣ ታሪክና እምነት ጭምር ስለሆነ፣ የአንዱ ሰው ታሪክ ቢፈጸምም ዓለሙ አይፈጸምም። በካርታው ጥግ ላይ ስሟ የተጻፈ፣ ግን ከገጸ ባሕርያቱ አንዱም ያልረገጣት ደሴት ትኖራለች። አንባቢ ያችን ደሴት ይናፍቃል፤ አሳታሚ ደግሞ ናፍቆቱን በገንዘብ ይተምነዋል።

ታዲያ የተወደደ ተከታታይ መጽሐፍ ሌላ ተከታይ ያስፈልገዋልን? ጥያቄው በጠቅላላው ሲቀርብ መልስ የለውም፤ በአንድ በተለየ ሥራ ላይ ሲቀርብ ግን መልስ ሊያገኝ ይችላል። ለዚህም ምርመራ አሜሪካዊቷ ደራሲ ኡርሱላ ለጉዊን ከጻፈቻቸው የ«ኧርዝሲ» መጻሕፍት፣ በአማርኛ «ምድረ ባሕር» ሊባሉ ከሚችሉት፣ የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል። ይህች ደራሲ ለዘለቄታው የተዘጋ መስሎ የነበረውን በር አንድ ጊዜ ሳይሆን ሁለት ጊዜ መልሳ የከፈተች ናትና።

ከምድረ ባሕር አስቀድሞ ግን ሁለት የቆዩ አብነቶችን ማንሣት ይጠቅማል። የመጀመሪያው የኤል. ፍራንክ ባውም የ«ኦዝ» መጻሕፍት ናቸው። ባውም የመጀመሪያውን የኦዝ መጽሐፍ ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1900 ነው፤ ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። ከዚያ ወዲያ የልጆች ደብዳቤ እየደረሰው ተከታዮቹን ጻፈ። በ1910 ባወጣው በስድስተኛው መጽሐፍ የኦዝን ምድር ከውጭው ዓለም ዓይን ሰውሮ ታሪኩን ለመዝጋት ሞከረ። ነገር ግን ሌሎቹ ድርሰቶቹ የኦዝን ያህል አልተወደዱለትም፤ ገንዘብም አጠረው። ስለዚህ በ1913 የዘጋውን ከፍቶ ተመለሰና በ1919 እስኪሞት ድረስ ኦዝን ሲጽፍ ኖረ። የእርሱ መጻሕፍት 14 ደረሱ። ከሞተም በኋላ አሳታሚው ሥራውን ለሩት ፕላምሊ ቶምሰን ሰጣት፤ እርሷም ከ1921 እስከ 1939 በየዓመቱ አንድ፣ በድምሩ 19 መጻሕፍት ጨመረችበት። እዚህ ላይ ተከታዩን የወለደው የታሪኩ ጉድለት አይደለም። የልጆቹ ፍቅር፣ የደራሲው ችግርና የአሳታሚው ስሌት ናቸው።

ሁለተኛው አብነት ነገሩን ያወሳስበዋል። ጄ. አር. አር. ቶልኪን «ሆቢት» የተባለውን መጽሐፉን በ1937 ካሳተመና መጽሐፉ ከተወደደ በኋላ አሳታሚው ተከታይ እንዲጽፍለት ጠየቀው። ከዚህ የንግድ ጥያቄ የተነሣው ሥራ ከ17 ዓመት በኋላ፣ በ1954 እና በ1955፣ «የቀለበቶቹ ጌታ» ሆኖ ወጣ። ቶልኪን ተከታይ ሲፈልግ በመጀመሪያው መጽሐፍ ውስጥ እንደ ዋዛ ወድቃ የነበረችን አንዲት ትንሽ ቀለበት አነሣ፤ «ይህች ቀለበት ከየት መጣች? ያላትስ ኃይል ዋጋው ምንድን ነው?» ብሎ ጠየቀ። ለጥያቄው ያገኘው መልስ ከመጀመሪያው መጽሐፍ ጋር ስላልተስማማም በ1951 በወጣው ሁለተኛ እትም የቀለበቷን መገኘት የሚተርከውን ምዕራፍ እንደ ገና ጻፈው። ይኸው ደራሲ ግን ኋላ ከቀለበቱ መጥፋት በኋላ የሚሆነውን የሚተርክ አዲስ ድርሰት ጀምሮ፣ ጥቂት ገጾች እንደ ሄደ ተወው። በሰላም ዘመን የተሰላቹ ሰዎች የሚዶልቱትን ክፋት መተረክ ልብን ከማጨለም በቀር ፋይዳ የሌለው ሆኖ አገኘው።

ከነዚህ ሁለት አብነቶች አንድ ነገር ይወጣል። ተከታዩን ማን እንደ ጠየቀው ማወቅ ስለ ተከታዩ ዋጋ የሚነግረን የለም። የአሳታሚ ትእዛዝ ታላቅ ሥራን ሊወልድ፣ የልጆች ንጹሕ ፍቅርም ባዶ ድግግሞሽን ሊወልድ ይችላል። ዋናው ጥያቄ የቀደመው መጽሐፍ ያልከፈለው ዕዳ አለበት ወይስ የለበትም የሚል ነው። ዕዳ ማለት እዚህ ላይ በካርታው ላይ ያልተጎበኘች ደሴት ማለት አይደለም። መጽሐፉ ራሱ ያቆመው፣ የተደገፈበት፣ ነገር ግን ያልመረመረው ነገር ማለት ነው። ምድረ ባሕር በዚህ ሚዛን መመዘን ይኖርባታል።

ለጉዊን በ1929 በካሊፎርኒያ፣ በበርክሊ ከተማ ተወለደች። አባቷ አልፍሬድ ክሮበር ስመ ጥር የሥነ ሰብእ ሊቅ፣ እናቷ ቴዎዶራ ክሮበርም ደራሲ ነበሩ። በቤቱ የሌሎች ሕዝቦች ወግና ተረት እንደ ዕለት እንጀራ የሚቀርብ ስለ ነበር፣ የፈጠረችው ዓለም ከአውሮፓ ቤተ መንግሥትና ፈረሰኛ ታሪክ የተቀዳ አልሆነም። ምድረ ባሕር በውቅያኖስ መካከል የተበተኑ የብዙ ደሴቶች ዓለም ናት። ሕዝቦቿ በአብዛኛው ቆዳቸው ቀይ ዳማ፣ ጠይም ወይም ጥቁር ነው፤ ነጮቹ በምሥራቅ ዳር የሚኖሩት ካርጎች ብቻ ናቸው። የመጀመሪያው መጽሐፍ ዋና ገጸ ባሕርይ ጌድ በጎንት ደሴት የተወለደ የአንጥረኛ ልጅ፣ ፍየል ጠባቂ ነው።

የዚህ ዓለም ምትሃት በአንድ ሐሳብ ላይ ቆሟል፤ የነገርን እውነተኛ ስም ያወቀ በነገሩ ላይ ሥልጣን አለው። ስለዚህ እያንዳንዱ ሰው ሁለት ስም ይኖረዋል፤ በአደባባይ የሚጠራበትና ለሚያምነው ብቻ የሚገልጠው። ይህን ለእንግሊዝኛ አንባቢ ለማስረዳት ደራሲዋ ብዙ ገጽ ያስፈልጋታል፤ ለአማርኛ አንባቢ ግን አንድ ቃል ይበቃል። «አስማት» በግዕዝ «ስሞች» ማለት ነውና። በአንገት የሚታሰረው ክታብ ኃይሉ በተጻፈበት ኅቡእ ስም ነው ይባል እንደ ነበረ፣ የክርስትና ስምም መድኃኒት ያደርግብኛል ተብሎ ከሚፈራ ባላንጣ ይሸሸግ እንደ ነበረ የሚያውቅ ሁሉ ወደ ምድረ ባሕር ሲገባ እንግድነት አይሰማውም።

የመጀመሪያዎቹ ሦስት መጻሕፍት በአራት ዓመት ውስጥ ወጡ። «የምድረ ባሕር አስማተኛ» በ1968 ታተመ። በሮክ ደሴት የአስማት ትምህርት ቤት የገባው ወጣቱ ጌድ በትዕቢት ተነሣሥቶ ከሙታን ዓለም መንፈስ ሲጠራ ስም የለሽ ጥላ አብሮ ይለቀቅበታል። ጥላው ያሳድደዋል፤ ኋላ እርሱ ጥላውን ያሳድደዋል፤ በመጨረሻም በባሕሩ ዳርቻ ሁለቱ ሲገናኙ ጌድ ጥላውን በገዛ ስሙ ይጠራዋል። «የአቱዋን መቃብሮች» በ1971 ተከተለ። በሕፃንነቷ ከወላጆቿ ተነጥቃ ለጨለማ ኃይላት ካህን የተደረገች ቴናር የተባለች ልጅ፣ የተሰበረ ቀለበት ፍለጋ ወደ መቃብሮቹ ዋሻ የገባውን ጌድን ይዛ ሳለ፣ እርሱን ስታድን ራሷም ትድናለች። በ1972 የወጣውና በ1973 የአሜሪካን ብሔራዊ የመጽሐፍ ሽልማት በልጆች መጻሕፍት ዘርፍ ያገኘው «የሩቅ ሩቁ ዳርቻ» ጌድን በሽምግልናው ዋዜማ ያሳየናል። ላለመሞት የጓጓ አንድ ጠንቋይ በሕይወትና በሞት መካከል ቀዳዳ ከፍቶ የዓለሙ ምትሃት እየፈሰሰ ሲያልቅ፣ ጌድ ከወጣቱ ልዑል ከአረን ጋር እስከ ሙታን ምድር ወርዶ ቀዳዳውን ይደፍነዋል፤ በዚህም ኃይሉን ሁሉ አሟጦ ይጨርሳል።

የዚህ የሦስትዮሽ ሥራ ፍጻሜ በእውነት ፍጻሜ ነበር። ደራሲዋ በመጨረሻው ገጽ ላይ ጌድ ምን እንደ ሆነ በአንድ ቃል አትናገርም፤ ሁለት ወሬ ታቀርባለች። አንደኛው ወሬ ከአዲሱ ንጉሥ በዓለ ንግሥ በኋላ ብቻውን በጀልባው ተሳፍሮ ወደ ምዕራብ ሄደ ይላል። የጎንት ሰዎች ግን ንጉሡ ሊፈልገው ወደ ደሴታቸው እንደ መጣና ጌድ በተራራው ጫካ ገብቶ እንዳላገኘው ይናገራሉ። ይህ አዘጋግ የአፍ ተረትን ጠባይ የተከተለ፣ ታሪኩን ለሰሚው የሚመልስ ነው። በ1972 መጽሐፉን የዘጋ አንባቢ «ከዚያስ?» ብሎ ቢጠይቅ ኖሮ ጥያቄው ከናፍቆት የመነጨ ነው ቢባል ማንም ባልተቃወመ ነበር።

ዳሩ ግን ዕዳ ነበረ። በመጀመሪያው መጽሐፍ መግቢያ አካባቢ የሴት አስማት ደካማና ክፉ መሆኑን የሚናገር የጎንት ብሂል ይጠቀሳል፤ ማንም አይቃወመውም። የሮክ ትምህርት ቤት ሴት አይቀበልም፤ ለምን እንደማይቀበል ግን አይነገርም። ሴት ከሆነች የመንደር ደጋሚ፣ ወንድ ከሆነ ሊቅ መሆኑ እንደ ባሕሩና እንደ ነፋሱ የተፈጥሮ ሕግ ተደርጎ ቀርቧል። ቴናርም ከጨለማው ከወጣች በኋላ ምን እንደ ሠራች የሦስተኛው መጽሐፍ ገጾች ዝም ይላሉ። ደራሲዋ ይህን ሕግ ያወረሳት የቆየው የጀግና ተረት ወግ ነው፤ እርሷም ሳትጠይቀው ተቀብላው ነበር። ሕጉ መጽሐፉን የተሸከመ ምሰሶ ስለ ነበር ዕዳውም የመጽሐፉ የራሱ ነበር።

«ቴሃኑ» የታተመው ከ18 ዓመት ዝምታ በኋላ፣ በ1990 ነው። ያቺ የመቃብሮቹ ካህን አሁን የገበሬ ሚስት ሆና ሁለት ልጆች አሳድጋ ባሏ የሞተባት ሴት ናት። የገዛ ዘመዶቿ ደብድበው እሳት ውስጥ የጣሏትን፣ ግማሽ ፊቷና አንድ እጇ የተቃጠለ ሕፃን ታሳድጋለች። ጌድም በክንፋሙ ዘንዶ በካሌሲን ጀርባ ተጭኖ፣ ኃይሉ ተሟጦ፣ ሊሞት ጥቂት ቀርቶት ይመጣል። ከዚህ በኋላ የባሕር ጉዞ የለም፤ የአስማት ውጊያ የለም ለማለት ይቻላል። ያለው ዕቃ ማጠብ፣ ፍየል መጠበቅ፣ ልጅ ማስተኛት፣ በር መቀርቀር ነው። የዓለሙ ታላቅ ሊቅ የነበረው ሰው የንጉሡን መልእክተኞች ፊት ለማየት አፍሮ ይሸሻል። ሥልጣን የእርሱ ማንነት ሆኖ ስለ ኖረ፣ ሥልጣን ሲሄድ ሰውየው የቀረ አልመሰለውም። ቴናር ግን እንዲህ ያለውን ኑሮ ዕድሜዋን ሙሉ ኖራዋለች።

ብዙ የቀድሞ አንባቢዎች በዚህ መጽሐፍ ማዘናቸው የሚያስገርም አይደለም። ጀግናቸውን ፈልገው ገብተው ሳህን ሲታጠብ አገኙ። ቅሬታቸው ሁሉ ከንቱ ነው ማለትም አይቻልም። በመጽሐፉ ውስጥ ቴናርና የመንደሯ ደጋሚ ስለ ወንድና ስለ ሴት ኃይል የሚያደርጉት ንግግር አንዳንድ ቦታ ከገጸ ባሕርያቱ አፍ ይልቅ ከደራሲዋ ብዕር የወጣ ይመስላል። ክፉው አስማተኛ አስፐንም በመጀመሪያው መጽሐፍ እንዳለው ጥላ ውስጡ የሚመረመር ሳይሆን ጥላቻ ብቻ የለበሰ ሰው ነው። በፍጻሜውም ቴናርና ጌድ በድግምት ታስረው ወደ ገደል ሲነዱ ዘንዶው ከሰማይ ወርዶ ያድናቸዋል። ይህ መፍትሔ ከውጭ የመጣ ነው ብሎ የሚወቅስ ሐያሲ ግማሽ እውነት አለው። ሌላው ግማሽ ግን ዘንዶውን የጠራችው የተቃጠለችው ሕፃን መሆኗ ነው። ድምፅዋ የሻከረ፣ ሰዎች ሁሉ ዓይናቸውን የሚመልሱባት ልጅ፣ ሊቃውንት በብዙ ድካም የሚማሩትን የፍጥረት ቋንቋ ሳትማረው ታውቀዋለች። በስም ላይ በቆመ ዓለም እውነተኛውን ስም መጥራት የቻለችው ማንም ከቁም ነገር ያልቆጠራት ልጅ ናት። ለዚህም ሲባል «ቴሃኑ» አስፈላጊ መጽሐፍ ነው። በዚያው ዓመት ለታተሙ ልብ ወለዶች የሚሰጠውን የኔቡላ ሽልማት ማግኘቱም ጸሐፍት ይህን እንደ ተረዱለት ያመለክታል።

መጽሐፉ በንዑስ ርእሱ «የምድረ ባሕር የመጨረሻው መጽሐፍ» ተብሎ ነበር። ይሁን እንጂ በ2001 ሁለት መጻሕፍት ወጡ። «የምድረ ባሕር ተረቶች» በተባለው መድበል መግቢያ ላይ ደራሲዋ ራሷ «የመጨረሻው» ማለቷ ስሕተት እንደ ነበር ገልጻለች። መድበሉ አምስት ታሪኮችን ይዟል። ከነዚህ ትልቁ የሮክ ትምህርት ቤት እንዴት እንደ ተመሠረተ፣ በመሥራቾቹም መካከል ሴቶች እንደ ነበሩና ኋላ እንደ ተገፉ ይተርካል። እዚህ ላይ ጠንቃቃ አንባቢ መጠራጠር ይገባዋል። ያለፈውን እንደ ገና ጽፎ «እንዲህ ነበር ለካ» ማለት ለደራሲ ቀላል መንገድ ነው፤ የቀድሞውን ዕዳ መክፈል ሳይሆን የዕዳውን ሰነድ መቀየር ሊሆን ይችላል። በመድበሉ መጨረሻ የተጨመረው የምድረ ባሕር ሕዝቦች፣ ቋንቋና ታሪክ መግለጫም ለሚያጠና ሰው ቢጠቅምም መረጃ እንጂ ትረካ አይደለም። ሆኖም በመጨረሻው ታሪክ ኢሪያን የተባለች ሴት በሮክ በር ላይ ቆማ «ልግባ» ስትል፣ ጥያቄው ወደ አሁን ይመለሳል፤ የሚፈተኑትም በሕይወት ያሉ ሊቃውንት ይሆናሉ።

በዚያው ዓመት የወጣው «ሌላው ነፋስ» የተሰኘው ልብ ወለድ ግን ከሁሉ ይልቅ የከበደውን ዕዳ ተሸክሟል። በሦስተኛው መጽሐፍ የሙታን ምድር ደረቅና ጨለማ፣ በዝቅተኛ የድንጋይ ካብ የታጠረ ስፍራ ነው። በዚያ ሙታን ያለ ሥቃይና ያለ ደስታ ይመላለሳሉ፤ በሕይወት ሳሉ እስከ ሞት የተፋቀሩ ሰዎች እንኳ በመንገድ ላይ ተላልፈው ይሄዳሉ። በ1972 ይህ ሥዕል የሞትን አይቀሬነት ለማስተማር የቀረበ ነበር፤ በእውነትም ያስደነግጣል። ነገር ግን ጌድ ቀዳዳውን ደፍኖ ሲመለስ እነዚያ ሙታን በዚያው ቀርተዋል። ሕያዋን ዳኑ፤ ስለ ሙታን የጠየቀ አልነበረም።

በአዲሱ መጽሐፍ ኦልደር የተባለ ሰው ይጠይቃል። ኦልደር ታላቅ አስማተኛ አይደለም፤ የተሰበረ ሸክላ የሚጠግን ተራ ባለ ሙያ ነው። የሞተችው ሚስቱ በሕልሙ በካቡ ማዶ ቆማ ትጠራዋለች፤ ከእርሷም ኋላ እልፍ አእላፍ ሙታን ነጻ እንዲያወጣቸው ይማጸኑታል። ቀስ በቀስ የሚገለጠው ነገር የዓለሙን መሠረት ያናውጣል። በጥንት ዘመን ሰዎችና ዘንዶዎች አንድ ፍጥረት ነበሩ፤ ሲለያዩ ዘንዶዎቹ ነጻነትን፣ ሰዎቹ ሀብትንና ጥበብን መረጡ። ኋላ ግን የሰው አስማተኞች ዘላለማዊ ሕይወትን ተመኝተው ከዘንዶዎቹ ድርሻ ምድር ቆርሰው አጠሩ። ያጠሩትም ስፍራ ደረቀ። ሙታንን በዚያ ያሰራቸው ስማቸው ነው። የመጀመሪያው መጽሐፍ እንደ ታላቅ ጥበብ ያስተማረው አስማት የሙታን ሰንሰለት ሆኖ ተገኘ። በፍጻሜው ሊቃውንትና ዘንዶዎች፣ ሴቶችና ወንዶች፣ ከቀድሞዎቹ ጠላቶች ከካርጎች የመጣች ልዕልት ጭምር በአንድነት ተሰልፈው ካቡን ያፈርሱታል፤ ሙታንም ወደ ብርሃንና ወደ አፈር ይሄዳሉ።

እዚህ ላይ የእውነተኛ ተከታይ ድርሰት ጠባይ ተገልጦ ይታያል። የለመዱትን ደስታ ደግሞ ማቅረብ ቀላል ሆኖ ሳለ፣ ደራሲዋ የገዛ ሥራዋን ዋና ምሰሶ በእጇ ነካች። ምሰሶው ወድቆ ቢሆን ኖሮ የመጀመሪያዎቹ ሦስት መጻሕፍት አብረው ይወድቁ ነበር። አልወደቁም፤ እንዲያውም ጌድ ጥላውን በገዛ ስሙ የጠራበት ገጽ አሁን ሲነበብ ከቀድሞው ይልቅ ይከብዳል። አንባቢው ያ ስም ምን ያህል እንደሚያድንና ምን ያህል እንደሚያስር ያውቃልና። የኦዝ ተከታዮች ይህን አላደረጉም፤ ኦዝ በ14ኛውም መጽሐፍ ያው ኦዝ ነው። ልጁን ያስደስቱታል፤ የሚያስከፍሉት ግን የለም፤ ደራሲውም የሚከፍለው የለውም።

እንግዲህ ለተከታይ ድርሰት ሦስት መመዘኛዎች ሊቀርቡ ይችላሉ። አንደኛ፣ ዕዳው የቀደመው መጽሐፍ የራሱ ነው ወይስ ከውጭ የተለጠፈበት? ሁለተኛ፣ ተከታዩ የቀደመውን ለአደጋ ያጋልጠዋል ወይስ እንዳይነካ አድርጎ በዙሪያው ይዞራል? ሦስተኛ፣ ዕዳውን የሚከፍለው የተበደረው ሰው ነው ወይስ ሌላ?

በሦስተኛው ላይ የሰርቫንቴስ ታሪክ የታወቀ ነው። የ«ዶን ኪኾቴ» የመጀመሪያ ክፍል በ1605 ከወጣ በኋላ፣ በ1614 አቬላኔዳ በሚል የብዕር ስም የተሸሸገ ሰው የራሱን ሁለተኛ ክፍል አሳተመ። ሰርቫንቴስ በ1615 እውነተኛውን ሁለተኛ ክፍል ሲያወጣ የሐሰቱን መጽሐፍ በታሪኩ ውስጥ አስገብቶ ተሳለቀበት፤ ጀግናውም ሐሰተኛው መጽሐፍ ወደ ሣራጎሳ ወስዶት እንደ ነበር ሲሰማ መንገዱን ወደ ባርሴሎና አዞረ። በመጨረሻም ሌላ እጅ እንዳያነሣው ጀግናውን አሙቶ ቀበረው።

የምድረ ባሕርም ሥራ በሌላ እጅ ሲገባ የሆነው በሁለት ጊዜ ታይቷል። በ2004 በአሜሪካ ለቴሌቪዥን በተሠራው ተከታታይ ፊልም ጌድ ነጭ ሆኖ ቀረበ። ደራሲዋ የገጸ ባሕርያቷን ቆዳ ቀለም አስባና አውቃ የመረጠችው መሆኑን አስታውቃ በአደባባይ በጽሑፍ ተቃወመች። በ2006 በጃፓን የጊብሊ ስቱዲዮ የሠራው የካርቱን ፊልም ሥዕሉ ያማረ ቢሆንም፣ ክፋትን በአንድ ክፉ ሰው ላይ ጭኖ እርሱን በማጥፋት ነገሩን ጨረሰ፤ ክፋት በጌድ በራሱ ውስጥ እንዳለ የተናገረው የመጀመሪያው መጽሐፍ ተረሳ። እጅ በተለወጠ ጊዜ አስቀድሞ የሚጠፋው በብዙ ሐሳብ የተቀመጠው ነገር ነው። ለዓይን የሚታየው፣ ማለትም ዘንዶው፣ መርከቡና በትሩ፣ ሁልጊዜ ይተርፋል።

በዚህ ላይ ሊነሣ የሚችል ብርቱ ተቃውሞ አለ። ተረት ከጥንት ጀምሮ ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ የኖረ የብዙዎች ገንዘብ ነው፤ አንድ ሰው «የእኔ ነው፣ እዚህ ላይ አበቃ» ሊል እንዴት ይችላል? የሚል ነው። ተቃውሞው እውነት አለው። ነገር ግን ተረትን ዳግመኛ መተረክና ተከታይ መጻፍ አንድ አይደሉም። ዳግመኛ የሚተርክ ሰው ተረቱን በራሱ ድምፅ፣ በራሱ አገር፣ በራሱ ኃላፊነት ይተርከዋል፤ ቢያበላሸው የሚያፍረው እርሱ ነው። በሟች ደራሲ ስም የሚቀጥል ግን የሌላውን ፊርማ ይዞ ይገበያያል። ለጉዊንን የሚወድ ወጣት ጸሐፊ ሊመልስላት የሚፈልገው ጥያቄ ካለው የራሱን ደሴት ይፍጠር፤ የራሱን ባሕር ይቅዘፍ። እርሷም ያደረገችው ይህንኑ ነው፤ የወረሰችውን የጀግና ተረት ወግ በራሷ ምድርና በራሷ ስም ተከራከረችው።

ለጉዊን በጥር 2018 በፖርትላንድ ከተማ አረፈች። በዚያው ዓመት በጋ «የእሳት ብርሃን» ሊባል የሚችል አጭር ታሪክ በአንድ የሥነ ጽሑፍ መጽሔት ላይ ታተመ። በዚያ ታሪክ ጌድ በጎንት በቤቱ፣ ቴናር በአጠገቡ ሳለች፣ በሰላም ይሞታል። በ1972 ለሁለት ወሬ የተተወው ፍጻሜ ከ46 ዓመት በኋላ በአልጋ ላይ፣ በእሳት ዳር ተዘጋ። ካቡ ፈርሶ ስለ ነበር ወደ ደረቁ ምድር መውረድ አላስፈለገውም። «ሌላው ነፋስ» ባይጻፍ ኖሮ ይህ ሞት እንዲህ ሰላማዊ ሊሆን አይችልም ነበር። በሌላ አነጋገር፣ ደራሲዋ ጀግናዋን በሰላም ለማሳረፍ አስቀድማ የሙታንን ዓለም መለወጥ ነበረባት። ይህም የተከታይ መጽሐፍ ሁሉ ምክንያት ሊሆን የሚገባው ዓይነት ምክንያት ነው።

ስለዚህ ምድረ ባሕር ሌላ ተከታይ ያስፈልጋታልን ለሚለው ጥያቄ መልሱ አሁን ግልጽ ነው፤ አያስፈልጋትም። አራተኛውና ስድስተኛው መጽሐፍ አስፈልገዋት ነበር፤ አምስተኛው በከፊል። ዕዳው ተከፍሏል፤ ከፋይዋም በራሷ እጅ ፈርማለች። ያልተጎበኙ ደሴቶች በካርታው ላይ ገና አሉ፤ ይኑሩ። ማንም ያልረገጣቸው ደሴቶች ያሉበት ባሕር ለአንባቢው ምናብ የተተወ ርስት ነው፤ ሁሉም ከተነገረ ግን ባሕሩ ጉድጓድ ይሆናል። «ከዚያስ?» ብሎ የሚጠይቅ ልጅ ካለ ዳቦውን ቆርሶ ለተረት ነጋሪዋ ይስጥና የመጀመሪያውን መጽሐፍ እንደ ገና ይክፈት። የፍየል ጠባቂው ልጅ ስሙን ገና አያውቀውም።